ልጄ ድራፍት ቤት ውስጥ ቢራ ጠጣች፤ ጉዳት ደርሶባት ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ3 ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት ቤት ሲሄድ እኔንና እሷንም ይዞን ይሄዳል። ግቢው ሰፊ ነው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ስላለው ብዙ ሰው ልጁን ይዞ ይመጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት አጎቷ «አረፋው ምንም አያደርግም» እያለ በጣቱ ሲያቀምሳት አየሁትና ተቆጣሁት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሷው ራሷ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ቢራ አንስታ ስትጠጣ ደረስኩባት። ምን ያህል እንደጠጣች አላውቅም። ፊቷ ቀላ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነች። ስንመለስ መኪና ውስጥ እቅፌ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ራትም አልበላችም። እንደምንም ቀስቅሼ ወተት አጠጣኋት። ሰውነቷ የሞቀ ስለመሰለኝ ቤት ውስጥ የነበረ የጉንፋን ሽሮፕም ሰጠኋት። ጠዋት ደህና ነበረች። አሁንም ትበላለች፣ ትጫወታለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። አእምሮዋ ተጎድቶ ይሆን? የጉበት ምርመራ ላሠራላት? አባቴ በመጠጥ ነው የሞተው። እሷንም ሱሱ እንዳይዛት እፈራለሁ።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ልጅዎ አልተጎዳችም። በአንድ ቀን የተጠጣ ቢራ የልጅ አእምሮ የሚጎዳው ትንፋሽን ወይም የደም ስኳርን ክፉኛ አውርዶ፣ ልጁን ለረጅም ሰዓት ራሱን ሲያስተው ነው። እንደዚያ ሆና ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደህና ሆና አትነሳም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ወትሮዋ የምትበላና የምትጫወት ልጅ የጉበት ምርመራ አያስፈልጋትም። የጭንቅላት ራጅም፣ ሲቲ ስካንም አያስፈልጋትም። ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ልጅቷንም በመርፌ አያስለቅሷት።

አረፋውን በተመለከተ፣ በጣት ጫፍ የተላሰ አረፋ ውስጥ ያለው አልኮል ከጠብታ አይበልጥም። እሱ አልጎዳትም። ያስጨነቀኝ ብርጭቆው ነው።

ሂሳቡን አብረን እንየው። የእኛ አገር ቢራ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ አልኮል አለው። በእርስዎ ልጅ ዕድሜ ያለች ልጅ 14 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት እጥፏ ነው። ስለዚህ እሷ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ቢራ ስትጠጣ፣ አባቷ ግማሽ ሊትር በአንድ ጊዜ እንደጨለጠ ነው። አረቄ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከ40 በመቶ በላይ የሚደርስ አረቄ አለ፤ አንዲት መለኪያ ብቻ ትንሽ ልጅን ሆስፒታል ልታስገባ ትችላለች። ፊቷ የቀላው፣ የሳቀችውና የተኛችው ሰክራ ስለነበር ነው። ይህን በግልጽ የምናገረው ላስደነግጥዎ አይደለም። ብዙ ወላጅ «ልጅ አይሰክርም፣ ደክሟት ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ነው።

አሁን ወደ እንቅልፏ ልመለስ። በደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እርስዎ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት።

«ይተኛበት፣ እንቅልፍ ያበርደዋል» የሚባል ነገር አለ። ለትልቅ ሰውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለልጅ ግን አደገኛ ነው። ምክንያቱ ስኳር ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ደማችን ውስጥ ያለው ስኳር እንዳይወርድ የሚጠብቀው ጉበት ነው። ካከማቸው ይለቃል፤ ሲያልቅበት አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበቱ እሱን በማቃጠል ይጠመድና ስኳር መሥራቱን ያቆማል። እኛ ትልልቆቹ ብዙ ክምችት ስላለን እስከ ጠዋት እንቋቋማለን። የትንሽ ልጅ ክምችት ጥቂት ነው። ራት ሳትበላ የተኛች ልጅ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስኳሯ የሚወርደው ብርጭቆውን እንደጨረሰች አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሁሉም ሰው ተኝቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እናትም «እፎይ፣ ተኛችልኝ» ባለችበት ሰዓት።

የስኳር መውረድ ምልክቱ ምንድን ነው? ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መገርጣት፣ መደንዘዝ፣ ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ያለ ማንቀጥቀጥና ራስን መሳት። አልኮል የሰውነትን ሙቀትም ስለሚያወርድ እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል። የተኛ ልጅ ላይ ግን መደንዘዝንና እንቅልፍን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ካጋጠመዎ ይቀስቅሷት። የደከማት ልጅ ስትቀሰቀስ ትነጫነጫለች፣ እጅዎን ትገፋለች፣ ስሟን ሲጠሯት ዓይኗን ገልጣ ታይዎታለች፣ ውሃ ሲሰጧት ትውጣለች። ጥሩ ምልክት ነው። ካልነቃች፣ ወይም ነቅታ ካላወቀችዎት፣ አንገቷ እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም ካቃሰተች አንድ ደቂቃ አይጠብቁ።

ነቅታ በደንብ የምትውጥ ከሆነ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ቀስ እያሉ ያጠጧት። ያ የመንገድ ስንቅ ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም። እሱን ሰጥተው ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ካልነቃች ወይም እያንቀጠቀጣት ከሆነ አፏ ውስጥ ምንም አያስገቡ፤ ሳንባዋ ይገባል። በጎኗ ያስተኟት፣ በብርድ ልብስ ይሸፍኗት፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ባገኙት መኪና ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ «ቢራ ጠጥታለች» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ብዙ ቤተሰብ አፍሮ «ድንገት ራሷን ሳተች» ይልና እኛ ማጅራት ገትርና ወባ ስንፈልግ ጊዜ ይባክናል። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን መለካት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ወርዶ ከተገኘ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጣታል፤ ብዙ ልጆች ዓይናችን እያየ ይነቃሉ።

በዚያ ምሽት ያደረጉትን ሳነብ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተናድጃለሁ።

ወተት መርዝ አያጠፋም። አልኮልንም አያጠፋም። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ እንጃ፤ በረኪና የጠጣውንም፣ የአይጥ መርዝ የዋጠውንም በወተት እናክማለን ብለው ሰዓት የሚያሳልፉ ወላጆች በየጊዜው ይመጡብናል። በግድ የተቀሰቀሰች፣ እንቅልፍ ያዳፋት ልጅ ወተት ስትጠጣ ትን ሊላት ይችላል። ጥቁር ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወርም እንደዚያው ናቸው፤ አንዳቸውም አልኮሉን ከደም አያወጡም። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

ሽሮፑስ? ብዙዎቹ የጉንፋን ሽሮፖች እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት አለባቸው። አልኮል ላይ ሲጨመር ሁለቱ ተደጋግፈው ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ። የሙቀት መለኪያ ሳያደርጉ፣ «የሞቀች መስሎኝ» ብለው፣ ሰክራ ለተኛች ልጅ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጧት። በሰላም አለፈ፤ ተመስገን። እባክዎ አይድገሙት። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይተው ጻፉልኝ። እንዲህ ያለ ነገር የደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። መጠኑ ያልታወቀ መጠጥ የጠጣች ልጅ ደህና ብትመስልም በዚያው ምሽት ለሐኪም መታየት አለባት። በቃ።

ስለ እንቅልፍና ስኳር ይህን ሁሉ ያልኩት ድራፍት ቤቱ ስላስጨነቀኝ ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ነገር በየቤታችን ይሆናል። የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ድግስ ማግስት እንግዳ ሲሄድ ብርጭቆዎቹ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ልጆች ቀድመው ይነሱና የጠላውንና የጠጁን አተላ ይጨልጣሉ። ጠጅ ከቢራ እጥፍ ሊያሰክር እንደሚችል አይዘንጉ። በገጠር ቅራሪ የልጅ መጠጥ ነው ተብሎ ይሰጣል። ብርዝም ሲጠመቅ ንጹህ የማር ውሃ ነው፤ ሰንብቶ ሲፈላ ግን ወደ ጠጅነት ይሄዳል። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት በአረቄ፣ ለሆድ ቁርጠት አረቄ በጠብታ፣ ለትኩሳት ሰውነትን በአረቄ ማሸት፣ ሁሉንም አያቶቻችን በፍቅር ነው ያደረጉት። ለልጅ ግን አይሆኑም። ቆዳ ላይ የተቀባ አልኮል እንኳ ወደ ትንሽ ልጅ ደም ይገባል፤ ስኳሯንም ሊያወርድ ይችላል። አያት ቤት ካለች ይህን ያንብቡላት።

ወደ ፍርሃትዎ ልመለስ። ሱስ በአንድ ብርጭቆ አይጀምርም። ልጅዎ ቢራውን ዳግም «አምጡልኝ» ብትል እንኳ ጭማቂ እንደምትጠይቀው ነው። በእርግጥ የመጠጥ ችግር በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው። አባትዎን በዚህ ያጡ እናት መፍራትዎ ተገቢ ነው። ግን ዝንባሌ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ከመጠጥ ችግር ቤት ወጥተው በመጠጥ ያልተቸገሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እርስዎም አንዷ ነዎት።

«ከልጅነቷ ብታውቀው ስታድግ አያጓጓትም» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ግን አይቀበሉት። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመት የተከታተለና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ወላጆቻቸው መጠጥ ያቀመሷቸው ታዳጊዎች ከኋላ ጉዳት አልተጠበቁም፤ እንዲያውም ከሌላ ቦታም መጠጥ የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቶ ነው የተገኘው። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅቷን ስለሚወዳት ነው ያጫወታት። ቢሆንም ሰው ፊት ሳያሳፍሩት፣ ለብቻው ጠርተው፣ ዳግም እንዳያደርገው ቁርጡን ይንገሩት።

ታዲያ እሁድ መሄድ ይቅር? አልልም። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚሮጥበት ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም። ቤተሰብ አብሮ ከዋለ ጥሩ ነው። አባቷ በልክ ጠጥቶ፣ እየሳቀ ተጫውቶ ሲመለስ ማየት አይጎዳትም። ጠብና ጩኸት ማየት ግን ይጎዳታል። በጊዜ ሄዳችሁ ሳይመሽ ተመለሱ። ራቷን ሳትበላ አትምጣ። ውጭ ተቀመጡ፤ ሲጋራ ከሚጨስበት ራቁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥንም እንዲሁ። አስተናጋጁን «እዚህ ይጨሳል እንዴ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ባዶም ሆነ ትንሽ የቀረበት ብርጭቆ ወዲያው እንዲነሳ ይጠይቁ። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ከሆነ የልጅ አፍ ትክክል ነው። ከድራፍቱ ጋር የሚቀርበውን ቆሎም ከእሷ ያርቁ፤ በተለይ ኦቾሎኒ ያለበትን። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ እየሮጠ፣ እየሳቀ ኦቾሎኒ ሲበላ የአየር ቧንቧው ውስጥ ሊሰነቀርበት ይችላል። አልኮል የሌለው ማልት ስኳሩ ብዙ ነው እንጂ አያሰክርም። ጥርሷን ግን አይወድላትም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ «ልጃችንን ማን ነው የሚያያት?» የሚለውን እዚያው ስትቀመጡ ተስማሙ። አምስት ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ጠረጴዛ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ብርጭቆውን ያነሳችው በዚህ መሐል ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርስዎ አልጠየቁኝም። «መኪና ውስጥ እቅፌ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት» ብለዋል። ባለቤትዎ ስንት ጃምቦ ጠጥተው ነበር የነዱት? ያን ቀን ልጅዎ ካጋጠማት አደጋ ሁሉ ትልቁ ያ መንገድ ነበር። ድንገት ፍሬን ሲያዝ እቅፍ ልጅ አይዝም፤ የእናት ጉልበትም አይበቃም። በሚቀጥለው እሁድ ከቤት ሳትወጡ ማን እንደሚነዳ ተነጋገሩ። የሚነዳው ሰው ውሃ ወይም ለስላሳ ይጠጣ። ሁለታችሁም መጠጣት ካሰባችሁ መኪናውን ቤት ትታችሁ በራይድ ሂዱ። በየትኛውም መኪና ልጅቷ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ፤ የልጅ መቀመጫም ይግዙላት። ለጉበት ምርመራ ያሰቡትን ገንዘብ ለእሱ ያውሉት።