«ልጄ እርሳስ በጡጫው ነው የሚይዘው፤ ወደፊት መጻፍ ያቅተው ይሆን?» የወላጆች ጥያቄና መልስ

ስለ ሕፃናት እጅና ስለ ጽሕፈት ጥያቄ ላኩልኝ ካልኩ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት የለውም። መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር 19 ዓመት ሆኖኛል። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁን ግን ሂዱ እላችኋለሁ። ያልመለስኩላችሁ ካላችሁ ጥያቄያችሁ ከሌላ ሰው ጋር ስለተመሳሰለ ነው።

ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። እርሳስ ስሰጠው ጨብጦ ወረቀቱን ይቦጫጭራል እንጂ ምንም ቅርጽ የለውም። የጎረቤቴ ልጅ እኩያው ናት፤ «ሀ»ን ትሥላለች። ታናሽ ወንድሜ መጻፍ አቅቶት ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሟል። በዘር ይሆን?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጡጫውን ተይው። በዚህ ዕድሜ እርሳስ የሚያዘው በጡጫ ነው። ልጆች በ1 ዓመት ተኩል ገደማ መሞነጫጨር ይጀምራሉ። ሁለት ዓመት አካባቢ አንቺ ቁልቁል መስመር ስታሰምሪ አይተው ለመቅዳት ይሞክራሉ። ክብ በ3፣ መስቀል በ4፣ ሦስት ማዕዘን በ5 ዓመት ገደማ ይመጣል። እርሳስን በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መያዝ የሚጠበቀው 4 ዓመት አካባቢ ነው። ጥቂት ወር መቅደምም መዘግየትም ያለ ነው። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ እነዚህ ገና አጥንት አልሆኑም፤ እንደ ጆሯችን ለስላሳ ናቸው። የሚጠነክሩት ቀስ በቀስ፣ በብዙ ዓመት ነው።

የወንድምሽን ነገር ግን አትናቂው። የንባብና የጽሕፈት ችግር በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል። ልጅሽ ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ ንገሪ። አሁን በ2 ዓመቱ ግን «ዲስግራፊያ (የጽሕፈት ችግር) አለበት» ሊል የሚችል ሰው የለም። ይህ ስም የሚሰጠው ልጁ መጻፍ ተምሮ፣ ተገቢው እርዳታ እየተደረገለትም ችግሩ ቢያንስ 6 ወር ሲቆይ ነው። ልጅሽ ገና ምን ተማረና!

እርሳሱን ተይው ካልሽኝ ታዲያ ምኑን ልይ?

ሲበላ እዪው። እንጀራ ሲቆርስ ጣቶቹን ልብ በይ። አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶች ይቆነጥራሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ወደ መዳፉ ይታጠፋሉ። ከዚያ ወጡን ጠቅለል አድርጎ አንጓውን ወደ አፉ ያዞራል። ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ሦስት ጣቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ወጡ ልብሱ ላይ ይፈሳል። ይፍሰስ።

እዚህ ላይ አንድ የምናገረው አለኝ። ልጆቻችንን ስለምንወዳቸው እስከ 4 ዓመታቸው እናጎርሳለን። አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ነው ያደገችው። ከለር ስትይዝ ከጣቷ ይወድቅ ነበር። እናቷ የተጨነቀችው ስለ ጽሕፈቷ ነበር። እኔ የጠየቅኳት ራሷ እንድትበላ፣ ጃኬቷን ራሷ እንድትቆልፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ያቺ ልጅ መቀስ ይዛ ወረቀት ትቆርጥ ነበር።

የልጅ ልጄ 3 ዓመቷ ነው። ግራኝ ናት። ከአሁኑ ካልገራናት ስትጽፍ አትቸገርም ወይ?

እማማ፣ እባክዎ አይግሯት። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። ማዕድ ላይ በቀኝ መብላት ባህላችን ነው፤ ሳይቆጡ ቢያስለምዷት አልከራከርዎትም። እርሳስና መቀስ ላይ ግን እጇ የመረጠውን ይተዉላት። የሚያስቸግራት ግራኝነቷ ሳይሆን «በቀኝሽ!» እየተባለች መደናገሯ ነው። ስትሥል ወረቀቷን ወደ ቀኝ ዘመም ያድርጉላት፤ ይቀላታል።

ልጃችን 9 ወሩ ነው። ሁሉን ነገር በግራው ነው የሚያነሳው። ቀኙን አብዛኛውን ጊዜ ጨብጦ ይይዘዋል። ግራኝ ሊሆን ነው አይደል?

ወንድሜ፣ ይህን ዛሬ ነገ ሳትሉ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። ሕፃን ከ1 ዓመቱ በፊት እጅ አይመርጥም፤ በሁለቱም ነው የሚሠራው። አንዱን ብቻ ሲጠቀም ሌላው እጅ ደክሞ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከታየ ብዙ የሚሠራለት ነገር አለ። ሌሎቻችሁም እነዚህን ያዙልኝ፦ ይችለው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ፣ 18 ወር ሞልቶት ሳይደገፍ የማይራመድ ልጅ። እነዚህን «ያድግበታል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ታብሌት ላይ በጣቱ ፊደል የሚከተልበት ጨዋታ አለው። 2 ዓመቱ ነው። ይጠቅመዋል?

ብዙም አይጠቅመውም። መስታወቱ ለጣት ምንም ክብደት የለውም። ጠመኔ ይዞ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ቢጭር እጁ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደግሞ እንደሚሻል ይላል።

ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወሯ ነው፤ ነርሰሪ ናት። በየቀኑ ፊደል ሙሉ ገጽ የቤት ሥራ ይሰጣታል። እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። ትናንት በላጲስ ደጋግማ ስታጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ።

ይህን ጥያቄ ሳነብ ሆዴ ባባ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እኔም እንዲሁ ነበር የማሠራው። አንድ የ4 ዓመት ልጅ «ደብተር አውጡ» ስል ሁለት እጁን ጠረጴዛ ሥር ደበቀ። ጎንበስ ብዬ እጁን ያዝኩት። እርሳሱ የሚያርፍበት ጣቱ ቀልቶ፣ ጎድጉዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዚያ ዕድሜ ገጽ ሙሉ አላዝዝም።

አያቶቻችን ቄስ ትምህርት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ እርሳስ አልጨበጡም። ፊደሉን በስንጥር እየጠቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሉት ነበር። ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያም እስከ ዳዊት ንባብ ይሄዳሉ። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዓይን ከባድ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «በ»፣ «ቡ» እና «ቢ» አካላቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ቀኝ እግራቸው ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ሰረዝ ናት፤ «ቡ» ላይ ወገብ ላይ፣ «ቢ» ላይ ጫፍ ላይ። ልጅ ይህን በዓይኑ ሳይለይ እጁን ብናደክመው ሰረዟን የት እንደሚያደርጋት አያውቅም። ስለዚህ አሁን ትጠቁም፣ ትጥራ፣ በሊጥ ትሥራ፣ አሸዋ ላይ በጣቷ ትሣል።

መምህርቷን በእርጋታ አነጋግሪያት። «ሁለት መስመር ብቻ እናሠራት» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ገጹን የሚፈልጉት ሌሎች ወላጆች ናቸው፤ ደብተሩ ካልሞላ ልጁ አልተማረም ይሉናል።

የ5 ዓመት ልጄ ቁጥር 3ን ገልብጣ ትጽፋለች።

እስከ 7 ዓመት ገደማ የተለመደ ነው። ትክክለኛውን አጠገቡ ጻፊላት፣ በቃ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፤ ንግግሩ ዘግይቷል። ቤት አማርኛ፣ ውሎው ላይ እንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቋንቋ፣ ኋላም ሁለት ፊደል ያምታታዋል ብለን አማርኛውን ልንተው ነው።

አትተዉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ለንግግርም ለጽሕፈትም ችግር አይዳርግም። አማርኛውን ብትነጥቁት ከእናንተ ጋር የሚያወራበት ነው የሚጠፋው። ንግግሩን ግን አስመርምሩ፤ ጆሮው በደንብ መስማቱንም ጭምር። የንግግር መዘግየት ኋላ ንባብና ጽሕፈት ላይ ሊታይ ስለሚችል ከእርሳስ አያያዙ ይልቅ ይህ ነው የሚያሳስበኝ። እናንተ ጋ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ምርመራው በነፃ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ሳትይዙ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ። 3 ሊሞላው 4 ወር ነው የቀረው፤ በዚህ ሳምንት ደውሉ።

ለልጄ እጅ ማጠንከሪያ ምን ልግዛ?

ምንም። እንጀራ ወይም ዳቦ ስታቦኪ ቁራሽ ሊጥ ስጪው። እርጥብ ጨርቅ ይጭመቅ። ሰባራ ከለር አትጣይ፤ ከአውራ ጣት ያጠረ ከለር በጡጫ ለመያዝ ስለማይመች ጣቶቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፊለት፤ ቆሞ ሲሥል ትከሻውም ይጠነክራል። ምስር ስትለቅሚ አብሮሽ ይልቀም። ግን አጠገቡ ሳትሆኚ ምስርም ባቄላም አትስጪው፤ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይከተዋል።