«አልጋ ይዤልሻለሁ» ለተባለችው እህቴ

ስምሽን ደብቀሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሸዋ ሮቢት ነሽ። ልጁን በቴሌግራም ካወቅሽው አራት ወር ሆኖሻል። «ደብረ ብርሃን ነይ፣ አልጋ ይዤልሻለሁ» ብሎሻል። ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ያልሽው። ብዙዎቹ «አትሂጂ» ብለው አልፈዋል። እኔ ሄጄ ስለማውቅ ትንሽ ልርዘም።

ያኔ ደብረ ሲና ነበርኩ። ከአንዱ ጋር በፌስቡክ አምስት ወር አወራን። እንገናኝ ሲለኝ ለእናቴ «ማስረጃ ላወጣ ነው» ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ጣርማ በርን ጉም ሸፍኖት እየተንፏቀቅን ወጣን። ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። መናኸሪያ በር ላይ የጠበቀኝ ሰውዬ ፎቶው ላይ ካለው ልጅ በትንሹ ስምንት ዓመት ይበልጣል። ካፌ እንግባ ስለው «እዚህ ሰው ያየናል፣ ላንቺው ብዬ ነው» አለኝና ባጃጅ ጠራ። ባጃጁ ውስጥ «ስልኬ ዘጋብኝ፣ ያንቺን አንዴ ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። ደውሎ ሲጨርስ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ያቺ ኪስ እስካሁን ትታየኛለች። ጥቁር ጃኬት፣ ዚፑ የተበላሸ። ስልኬ ግማሹ ወጥቶ ይታያል፤ እጄን ዘርግቼ መውሰድ ግን አፈርኩ። የገዛ ስልኬን! ደግነቱ እናቴ ደወለች። ማን እንደሆነ ሊያይ ሲያወጣው ነጠቅኩትና ጮክ ብዬ «እማ፣ አክስቴ ቤት እየደረስኩ ነው» አልኳት። ባጃጁን አስቆምኩ፣ ወረድኩ። ሰድቦኝ ሄደ።

በኋላ ሳስበው፣ ያን ቀን የፈራሁት እሱን አልነበረም። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። በኛ አገር ሁሉም ይተዋወቃል፣ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ እንደበቃለን ብለን በራችንን የምንዘጋው እኛው ነን። አንቺ ግን ታዪ። በቀን፣ ሰው የሚበዛበት ካፌ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ።

አልጋውን አይሆንም በይው። እንዲያውም እሱ ይውረድ። ከደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ቀን ቆላ ቢወርድ አይጎዳውም። የግድ የምትሄጂ ከሆነ በጠዋት ውጪ። የመመለሻሽን ብር ራስሽ ያዢ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እዚያ አትቆዪ። ጣርማ በርን በምሽት ማለፍ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለእናትሽ መንገር ከከበደሽ ለአንድ ጓደኛሽ ፎቶውን፣ ስልኩን፣ የካፌውን ስም ላኪላት። ቴሌግራም ላይ ላይቭ ሎኬሽን ክፈቺላት። በሰዓቱ ትደውልልሽ፤ «ጤፉን አስፈጪው» ካልሻት ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሆነ እወቂ። ድሮ ሽማግሌ ሲመጣ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? አንቺም ጠይቂ። መንዜ ነኝ ካለሽ ከየትኛው መንዝ? ማማ ነው፣ ላሎ ነው፣ ጌራ ነው? የእውነት መንዜ ከሆነ ጥያቄው ደስ ይለዋል፣ አያቱ ድረስ ይነግርሻል። ቴሌብር ላይ ብር ልትልኪ መስለሽ ቁጥሩን አስገቢ፤ ሳትልኪ በፊት የተመዘገበበት ስም ይመጣል። ሲሙ በወንድሙ ስም ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ምን እንደሚልሽ ትሰሚያለሽ። በቪዲዮ አውሪው። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አራት ወር ሙሉ ግን አይጠፋም።

ሳያይሽ ብር ከጠየቀሽ በዚያው ጨርሺው፤ እናቱ ብትታመምም። ፎቶ ልከሽለት «እበትነዋለሁ» የሚል ከሆነ ደግሞ ብር አትክፈዪ፣ አንዴ ከከፈልሽ ይመላለስብሻል። ቻቱን አታጥፊ፣ ስክሪንሾት አድርገሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በእንዲህ ዓይነት ዛቻ ያስቀጣል።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ «አልጋውን ተወውና እሑድ ሸዋ ሮቢት ና፣ ምሳ እኔ እጋብዝሃለሁ» ብለሽ ጻፊለት። ያለሽን እዚሁ ንገሪን።