በሽታ አይደለም ጋሼ፣ ማታ መገለጡ ነው

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ ጥያቄ ነው፣ «ነጭ ባህር ዛፍ ጥቅምት ላይ ዘርቼ ጣት ያህል ደርሶልኝ ነበር፣ ሰሞኑን ጠዋት ስነሳ ግማሹ ጠቁሮ አገኘሁት፣ ቀን ጥላ አለው፣ ማታ ጤዛ ይቅመስ ብለን እንገልጥለታለን፣ የሚረጭ መድኃኒት ንገሩኝ» ይላል።

ጋሼ መድኃኒት አይግዙ። በሽታ ቢሆን ከአንድ ጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፣ በአንድ ሌሊት ግማሽ መደብ አያጠቁርም። ይሄ የታህሳስ ውርጭ ነው፣ መልሱንም ራስዎ ጽፈውታል፣ «ማታ እንገልጥለታለን» ያሏት ነገር።

አይቀየሙኝና ይቺን ብዙ ቦታ ነው የማያት፣ ችግኙን ከቀን ፀሐይ ደብቆ ሌሊት ራቁቱን ማሳደር! ሰማዩ ጥርት ያለ ለታ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ይለቀዋል፣ ከላይ የሚያስቀርለት ክዳን ከሌለ ቅጠሉ ላይ አመዳይ ይሰራል። ብርድ ይችላል የሚባለውኮ ትልቁ ዛፍ ነው፣ ጨቅላው አይችልም።

ስለዚህ ዛሬውኑ መደቡ ጥግና ጥግ አራት ባላ ይትከሉ፣ ከችግኙ ጫፍ ሁለት ስንዝር ከፍ ይበል፣ ቀጫጭን እንጨት አጋድመው ሰሌን ወይ ሳር ያልብሱት፣ ሽቅብ ባለው ጎን ደሞ እስከ መሬት ያውርዱት ምክንያቱም ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይክደኑ፣ ጠዋት አመዳዩ ሲቀልጥ ይግለጡ፣ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲሁ። ፕላስቲክ ብቻ ካለዎት ቅጠሉን እንዳይነካ፣ የነካው ይቃጠላል። የቀኑን ጥላ ግን በየሶስት አራት ቀኑ ያሳሱት፣ ፀሐይ ሲለምድ ግንዱ ይጠነክራል። ዩሪያ ጣል የሚያደርጉበት ከሆነም ለጊዜው ይተዉት፣ ያለሰልሰዋል።

የጠቆረውን ቶሎ አይንቀሉ። ግንዱን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አልሞተም፣ ከቅጠሉ ብብት ያቆጠቁጣል። ቡኒ ከሆነ በቃ።

ለከርሞ ደሞ ጥቅምት ላይ አይዝሩ፣ ጥር መጨረሻ ወይ የካቲት ቢዘሩት ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ አፈር ከተጫነው አይወጣም፣ ላዩ ላይ በትነው በወንፊት የተነፋ አሸዋ ነስነስ ካረጉበት ይበቃዋል።