አይሲውን ከመቀየራችሁ በፊት የኃይል ምንጩን ለኩ

ድሬዳዋ ውስጥ ሬዲዮና ማራገቢያ ስጠግን፣ በ555 አይሲ (ጊዜ የምትቆጥር፣ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ) በቤት የተሠሩ ሰዓት ቆጣሪዎችም ይመጡልኛል። ባለቤቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ አይሲውን ይወቅሳሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምለካው የኃይል ምንጩን ነው፤ ያውም ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሳበው ማብሪያ ማጥፊያ) እየሠራ ሳለ። የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ የውኃ ፓምፕ በሰዓቱ የሚያጠፋ ቆጣሪ ሠራሁ። ሪሌዩ በለቀቀ ቁጥር ማንም ሳይነካው እንደገና ይጀምራል። አይሲውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስተኛ አትግዛ። 555 ውጤቱን በሚቀይርበት ቅጽበት ከምንጩ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ይስባል። ሪሌዩ ሲለቅ ደግሞ ኮይሉ (በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) ከፍተኛ ቮልት ይረጫል። በዚህ መናወጥ እግር 2 ላይ ያለው ቮልት ለአፍታ ከምንጩ ሲሶ በታች ከወረደ፣ አይሲው የማስጀመሪያ ትእዛዝ የደረሰው ይመስለዋል። በኮይሉ ጫፎች ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) እሰር፤ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቭ ይሁን። በእግር 8 እና በእግር 1 መካከል 100 ናኖፋራድ፣ ከጎኑም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አስገባ። እግር 5ን በ10 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ አውርደው፤ እግር 4ን ሳታንጠለጥል ከፖዘቲቭ ጋር አገናኘው።

ቦታው ወሳኝ ነው። አንድ ወጣት ያመጣልኝ ቦርድ ላይ ካፓሲተሩ ነበረ፤ ግን ከአይሲው አንድ ስንዝር ይርቃል፤ የሚያገናኘውም ሽቦ ጸጉር ያህል ቀጭን ነው። ነቀልኩት፣ ቦርዱን ገልብጬ እግሮቹን አሳጠርኩና ፊት ለፊት ባሉት በእግር 8 እና 1 ላይ በቀጥታ በየድኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሪሌዩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ዝም።

ጥያቄ፣ ከሐረር፣ ጀጎል፦ ባትሪው ሲለካ 9 ቮልት ነው፤ ሪሌዩ ግን ይንጣጣል።

መልስ፦ እህቴ፣ የለካሽው ባትሪው ሥራ ፈትቶ ሳለ ነው። ያቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ባትሪ ለሪሌይ አቅም የላትም። ኮይሉ ሲስብ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሪሌዩ ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቱ ያገግማል፣ እንደገና ይስባል። የሜትሩን ጫፎች በእግር 8 እና 1 ላይ ይዘሽ ሲንጣጣ ተመልከቺ። ስድስት የእጅ ባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ብታስሪ ያው 9 ቮልት ነው፤ ጉልበቱ ግን በጣም ይበልጣል።

ጥያቄ፣ ከከዚራ፦ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ከዳዮዶችና ከ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኋላ 17 ቮልት ያሳያል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። የ12 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ጫፉ 17 ይደርሳል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ያህል ይቀንሳሉ፤ ጭነት የሌለበት ትራንስፎርመር ደግሞ ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል። ተራው 555 የሚሠራው ከ4.5 እስከ 16 ቮልት ስለሆነ 7812 (ቮልቱን 12 ላይ የሚያረጋ አይሲ) አስገባ። እሱም ከ14 ቮልት በላይ ይፈልጋል። 200 ሚሊአምፔር ብትስብ በ470 ማይክሮፋራድ ቮልቱ በ4 ገደማ ይዋዥቃል፤ 2200 ብታደርገው ከ1 በታች ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከገንደ ቆሬ፦ የቆጣሪዬ ጊዜ ጠዋት 8 ደቂቃ የነበረው ከሰዓት በኋላ 10 ይሆናል። ቮልቱ ነው?

መልስ፦ ይሄስ አይደለም። 555 የሚያወዳድረው ከምንጩ ሲሶና ሁለት ሲሶ ጋር ስለሆነ ቮልቱ እስከረጋ ድረስ ሰዓቱ አይለወጥም። የቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር ያለው ሙቀት ጊዜውን የሚወስነውን የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ይጨምራል፤ ካፓሲተሩ የሚሞላበት ሬዚስተር 1 ሜጋኦም ያህል ትልቅ ከሆነ መሙላቱ ይዘገያል። ለረጅም ሰዓት 4060 ቆጣሪ አይሲ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን በድጋሚ፦ ትራንስፎርመር ውድ ነው። 220ውን በካፓሲተር ብቻ ልቀንሰው?

መልስ፦ በፍጹም! ቦርድህ በሙሉ ከመስመሩ ጋር ይገናኛል፤ አንተ ደግሞ ውኃ አጠገብ ነህ። ጥሩ የስልክ ቻርጀርና 5 ቮልት ሪሌይ ይበቁሃል። የ555 ውጤት ከምንጩ ከ1 ቮልት በላይ ስለሚያንስ ሪሌዩን በትራንዚስተር አሠራው።