መልስ፦ ፊቱን አቅርቤ ስቆርጠው ብቸኝነቱ ለምን ጠፋ?

በረንዳ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡትን አያትዎን ፎቶግራፍ ፊታቸው ብቻ እስኪቀር ሲቆርጡት ብቸኝነቱ ለምን እንደጠፋ ጠይቀዋል። ከባዶው ግድግዳ ጋር አብሮ ተቆርጦ ነዋ! ፊት ምስሉን ሲሞላው ተመልካቹ አጠገባቸው የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል፤ እንግዳ አመጡላቸው ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አርኖልድ ኒውማን በ1946 እ.ኤ.አ. የሙዚቃ ደራሲውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ያነሳበትን ፎቶግራፍ ፈልገው ይመልከቱ። ሰውየው ታች ግራ ጥግ ላይ ተወስኗል፤ ምስሉን የገዛው የፒያኖው ግዙፍ ጥቁር ክዳን ነው። ኔጌቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ የተነሳው ዋናው ፊልም፣ ከዚህ ሰፊ ነበር፤ ኒውማን ዳር ዳሩን ቆርጦ ሁለቱን ብቻ አፋጠጠ። መቁረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ የሚቆረጠው ነገር እንጂ።

ወደ መጀመሪያው ምስል ይመለሱና አያትዎን ወደሚመለከቱበት ጠርዝ ያስጠጓቸው፤ ባዶው ከጀርባቸው ይሁን። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር ደግሞ አደራ፣ እንዳይነኩት።