ከነጠላ የሰፋሁት ብርድ ልብስ ለምን ተበላሸ?

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ሲያትል የምትኖር አንባቢያችን እናቷን ባለፈው ዓመት አጥታለች። ሦስት ነጠላ፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለው አንድ የሐበሻ ቀሚስና የአባቷ የቆዩ ሸሚዞች እጇ ላይ አሉ። እነሱን ቆራርጣና ገጣጥማ ለሁለት ወንድሞቿና ደሴ ላለችው አክስቷ ብርድ ልብስ መስፋት ትፈልጋለች። ከተረፈው ደግሞ ለሕፃናት ሆስፒታል አንድ መስጠት አስባለች። መጀመሪያ ከራሷ አሮጌ ነጠላ የሙከራ አንድ ሰፋችና በማሽን አጠበችው። «እትዬ፣ ስፌቱ አራት ቦታ ተከፈተ። የጥለቱ ቀይ ቀለም ነጩ ላይ ፈሰሰ። ዳር ዳሩ ተጥመለመለ። ውስጡ ያለው ጥጥ ወደ አንድ ጥግ ተሰበሰበ። አሁን የእናቴን ልብስ በመቀስ ለመንካት ፈራሁ» ትላለች።

የኔ እህት፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ከገለጽሽልኝ እንደተረዳሁት አሰፋፍሽ ደህና ነው። የተከተልሽው መመሪያ ግን ለሱቅ ጥጥ የተጻፈ ነው። የሱቁ ጨርቅ ክሩ ቀጭን፣ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ከስፌቱ ወዲያ 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቢተውለት ይበቃዋል። ሸማ ሌላ ጠባይ አለው። ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ ግን ብዙ ጊዜ በእንዝርት የተፈተለ፣ ለስላሳና ልል ነው። ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ያሉትን ክሮች አጥብቆ የሚይዛቸው ነገር የለም። የተከፈተውን ስፌትሽን ጠጋ ብለሽ እዪው። የተበጠሰ የስፌት ክር አታገኚም። ስፌቱ እንዳለ ነው፤ ጨርቁ ነው እየተተረተረ ከስሩ ያመለጠው።

ስለዚህ የእናትሽን ልብስ ከመቁረጥሽ በፊት ሸማውን ማጥበቅ አለብሽ። ሥራው ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩይ።

መጀመሪያ ማጠብ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። የዛሬ ጥለት ብዙ ጊዜ ከአክሪሊክ ወይም ከሌላ ሰው ሠራሽ ክር ስለሚሠራ እምብዛም አይሰበሰብም። ያንቺ ዳር የተጥመለመለው ለዚህ ነው፤ መሃሉ ሲሰበሰብ ጥለቱ በነበረበት ቀረ። የነጠላውን ጫፎች በዚግዛግ ያዢና ብርድ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ሁለት ጊዜ እጠቢው። ማሽን የሚገባ ከሆነ አሁኑኑ ማሽን ይግባ። መሰብሰብ ያለበት ሳይሰፋ ይሰበሰብ።

ግን አንድ ነገር አደራ። ጠረናቸው ያለበትን አንዱን ሳታጥቢ ለይተሽ አስቀምጪ። ብዙ ደንበኞቼ ይሄ የሚቆጫቸው ልብሱ ከታጠበ በኋላ ነው። ሦስት ነጠላ ካለሽ ሁለቱ ለሥራው ይበቁሻል።

ስለ ቀለሙ። ከማጠብሽ በፊት ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ አድርጊና በካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኚው። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ጥለቱ ይለቃል ማለት ነው። ኮምጣጤና ጨው ቀለም ያጸናል ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። አትመኚው። አንዴ የተነከረ ክር ላይ ትርፉን ቀለም የሚያወጣው ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ነው፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። የለቀቀ ቀለም የሚሰበስቡ፣ ከልብሱ ጋር ማሽን ውስጥ የሚጣሉ ቁራጮች ሱቅ አሉ፤ እነሱም ይረዳሉ። ደጋግመሽ አጥበሽውም ውሃው የማይጠራ ጥለት ካለ ግን ከነጩ ጋር አታገጣጥሚው። ፍሬም ውስጥ አድርገሽ ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪው ይሻላል።

አሁን ወደ መቁረጡ። ሸማ በማስመሪያ ብቻ ቀጥ አይልም፤ ሲታጠብም ይጣመማል። የሽማኔዎቹን መንገድ ያዢ። ከጫፉ አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንሺና ቀስ እያልሽ ምዘዢ። ክሩ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ስስ ክፍት መስመር ይተዋል። ልል ስለሆነ መንገድ ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰበት ፈልገሽ ቀጥዪ። በዚያ መስመር ላይ ቁረጪ። እንዲህ የተቆረጠ ሸማ ከነድርና ማጉ ቀጥ ይላል፤ ሲገጣጠምም አያንጋድድም።

መጀመሪያ ትልልቁን ቁረጪ። ከዚያ ጀርባው ላይ በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ለጥፊበት። ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ከሚገባው የሳሳውን፣ ወረቀት ከሚመስለው ይልቅ ራሱ የተሸመነውን ግዢ። ካውያውን ጨርቁ ላይ አትጎትቺ። ተጫኚ፣ 10 ሰከንድ ያህል ቆዪ፣ አንሺ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ። ከጎተትሽው ሸማው ይለጠጥና እንደተለጠጠ ይጣበቃል፤ ያን ማስተካከል አይቻልም። ጥለቱ ጋ ስትደርሺ በላዩ የጥጥ ጨርቅ አልብሺና ሙቀቱን ቀንሺ። አክሪሊክ በጋለ ካውያ ይቀልጣል። ጥግ ላይ ሳትሞክሪ አትጀምሪ። ከተለጠፈ በኋላ ትንንሹን ቁረጪ፤ ያኔ ጫፉ አይተረተርም።

ምን ያህል ትልቅ ይሁን? ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ካሬ እመርጣለሁ። መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር ሸማው የሚያመልጥበት ቦታ ይበዛል። ደግሞም እናትሽ እንዲታዩበት ትፈልጊያለሽ። ጥለቱን ስታዪው «ያ የጥምቀት ነጠላዋ ነው» ማለት መቻል አለብሽ፤ ተቆራርጦ የጠፋ ጥለት ይሄን አይሰጥሽም።

አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለ። የዚያ መንደር ሴት ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆርጣ ብርድ ልብስ ሰፋችበት። የመንደሯ ሴቶች ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ድረስ ቀርቦ ታይቷል። ሚዙሪ ልብሱን ወደ ትንንሽ አበባና ኮከብ አልለወጠችውም። ሰፋ ሰፋ አድርጋ፣ እንደ ልብሱ ቅርጽ ነው የገጠመችው። መቀሱን ስትፈሪ እሷን አስቢ።

የቀሚሱን ጥልፍ በመሃሉ አትቁረጪው። ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ትተሽ ሙሉውን አውጪ። ከመቁረጥሽ በፊት ጀርባውን ለጥፊው፤ የጥልፉ ክር ጫፎችም አብረው ይያዛሉ። መሃል ላይ አስቀምጪው።

ስፌቱ አሁን ቀላል ነው። ከስፌቱ ወዲያ 12 ሚሊ ሜትር ተዪ፣ የስፌቱን ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር አድርጊ፣ አዲስ መርፌ ክተቺ። ጥለትና ሳሳ ያለ ሸማ ስትገጥሚ ልሉን ከታች አድርጊ፤ የስፌት መኪናው ጥርስ ትርፉን እየሰበሰበ ይወስደዋል። ከኋላ ሆነሽ አትጎትቺ። የአባትሽ ሸሚዞች ጥብቅ ጨርቅ ስለሆኑ ለዳሩ መጠቅለያ ምርጥ ናቸው፤ የእናትሽን ልብስ ዙሪያውን አባትሽ ይዘውት ይሆናል ማለት ነው። ደስ ይላል።

የጥጡ ነገር። ጥጥ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው የሚይዘው ስፌት ሲራራቅ ነው። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ነው የሰፋሁት ብለሻል፤ በጣም ሰፊ ነው። የጥጡ ማሸጊያ ላይ በስፌትና በስፌት መካከል ቢበዛ ምን ያህል መራራቅ እንዳለበት ተጽፏል። ለሸማ ግን ማሸጊያው ብዙ ቢፈቅድም ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አትለፊ፤ ስፌቱ ሸማውንም ስለሚይዝልሽ። ገበሩን በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር አስተርፈሽ ወለል ላይ ዘርጊ፣ ጥጡን ደርቢ፣ የገጠምሽውን ከላይ አልብሺ። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር በየመዳፍ ስፋቱ በመርፌ ቁልፍ ያዢ። ስትሰፊም ከመሃል ጀምሪ። ከዳር ከጀመርሽ ትርፉ መሃል ላይ ይታጠፋል።

ጋቢ ካለሽ ደግሞ ጥጥ መግዛት አያስፈልግሽም። ጋቢ አራት ድርብ ነው። የዳሩን ስፌት ፍቺና ሁለቱን ድርብ ብቻ መሃል አስገቢ። አራቱም ከገባ ለመኪናሽ ይከብዳል። እሱም ቀድሞ መታጠብ አለበት።

የተበላሸውን ሙከራሽን አትጣይው። ገንዳ ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ውሃና በርከት ያለ ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጊና ሙሉ በሙሉ እንዲሰምጥ አድርገሽ ሌሊቱን ተዪው። ከውሃው በላይ የቀረ ቦታ ካለ ቀለሙ እዚያ ይሰበሰባል። ጠዋት ውሃው ከቀላ ቀይሪና ድገሚ። ማድረቂያ ውስጥ ገብቶ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይለቃል። በረኪና ግን በፍጹም፤ ክሩን ይበላዋል። የተከፈቱትን ስፌቶች ከላይ ቁራጭ ደርበሽ በእጅ ያዢያቸው።

የሆስፒታሉን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። ከእናትሽ ልብስ የተረፈውን አትስጪ። ሆስፒታል የሚታጠብ ነገር በሙቅ ውሃና በጠንካራ ኬሚካል ነው የሚታጠበው፤ ሸማ ያን አይችልም። የሚቀበሉትም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ጨርቅ ነው። በአሜሪካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታመሙና ለተቸገሩ ልጆች ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው ፕሮጀክት ላይነስ አዲስ፣ በእጅ የተሠራና የሚታጠብ ነው የሚፈልገው። አንድ ጥብቅ የሱቅ ጥጥና የፖሊስተር መሙያ ግዢ፣ አዝራርና ጌጥ አታድርጊበት፣ መርፌ ቁልፎቹን ስታስገቢ ቆጥረሽ ስታወጪ ቁጠሪ። መጠኑን ግን ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የማሞቂያ ሳጥኑን ከላይ የሚሸፍን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ እንዳይገባ ይመክራል፤ አፍንጫውን ሊሸፍን ይችላል። ለዘመድ ልጅም ብትሰጪ ይሄን ለእናቱ ንገሪያት።

የቀረው የአክስትሽ ነው። ደሴ ብርዱ ስላለ ወፍራም ላድርግላት ብለሽ ይሆናል። ግን በእጅ የሚታጠብ ከሆነ የራሰ ጥጥ በጣም ይከብዳል፤ መጭመቁ ለትልቅ ሴት ፈተና ነው፣ በክረምትም ቶሎ አይደርቅም። ለሷ መሙያውን ስስ ፖሊስተር አድርጊው። መጠኑን 120 በ150 ሴንቲ ሜትር ብታደርጊው ቁጭ ባለችበት እግሯንና ጉልበቷን ይሸፍንላታል፣ ብቻዋን ልታጥበው ትችላለች፣ ሰው ሲሄድም ሻንጣ ውስጥ ይገባል።