«ቡክስ ቱ ሪድ» ካልን በኋላ «ዜም» ለምን አይጨመርም?

እህቴ፣ ለጥያቄሽ እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፣ ሸምድጂው» የሚሉ ናቸው። በማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህችኑ «ዜም» በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ሽምደዳው ይቅርብሽ እላለሁ። መፍቻው አማርኛሽ ውስጥ አለ።

«አይ ሃቭ ሜኒ ቡክስ ቱ ሪድ ዜም» ብለሽ ብትጽፊ አስተማሪሽ የመጨረሻዋን ቃል ሰረዘብሽ። ቃሏን ያስጻፈሽ «የማነባቸው መጻሕፍት» የሚለው አነጋገራችን ነው። «አቸው» የምትለው ቅጥያ መጻሕፍቱን ከግሱ ላይ እንደገና ትጠራቸዋለች። እንግሊዝኛ ግን ስሙን አንዴ ከጠራ፣ ከ«ቱ ሪድ» ኋላ ያለውን የተሳቢ ቦታ ባዶ ይተወዋል። ስሙ አንድም ይሁን ሺህ፣ «ቱ ሪድ» ንቅንቅ አይልም፤ ብዙነቱ የሚታየው በስሙ ላይ ብቻ ነው። የሚከፈሉ ሒሳቦች «ቢልስ ቱ ፔይ»፣ የሚታዩ ቦታዎች «ፕሌስስ ቱ ሲ»፣ የሚታጠቡ ሳህኖች «ዲሺዝ ቱ ዋሽ» ናቸው።

«ትርፍ ብትሆን ምን ትጎዳለች?» የሚል አይጠፋም። አንድ ተማሪዬ በክፍያ ቅነሳ ማመልከቻው ላይ የሚረዳቸው ታናናሽ ወንድሞች እንዳሉት ሊገልጽ ፈልጎ «አይ ሃቭ ብራዘርስ ቱ ሄልፕ ዜም» ብሎ ጻፈ። እንግሊዝኛ ያደገበት ሰው ይህን ሲያነብ ወንድሞቹ ረጂዎች ይሆኑበትና «ዜም የተባሉት እነማን ናቸው?» ብሎ ሌሎች ሰዎችን ይፈልጋል። «ቱ ሄልፕ» ብሎ ቢያቆም ወንድሞቹ ተረጂዎች ይሆናሉ፤ «ቱ ሄልፕ ሚ» ቢል ደግሞ እርሱ ራሱ ተረጂ ይሆንና ማመልከቻው ይገለበጣል። ሦስቱን የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ያለችው ወይም የሌለችው አንዲት ቃል ናት።

ተውላጠ ስሙን መጣል የለመዱ ተማሪዎች ደግሞ መስተዋድዱንም አብረው ይጥሉታል። «የምንቀመጥባቸው ወንበሮች» ስንል «ባቸው» ውስጥ ሁለት ነገር ታጭቋል፤ «በ» እና «አቸው»። የሚጣለው «አቸው» ብቻ ነው፤ «በ» ይቀራል። ስለዚህ «ቼርስ ቱ ሲት ኦን»፣ «ፔንስ ቱ ራይት ዊዝ»፣ «ፍሬንድስ ቱ ቶክ ቱ» ይባላል። መስተዋድድ በመጨረሻ ተንጠልጥሎ ሲቀር ያላለቀ ዐረፍተ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ግን ቦታው እዚያው ነው። «ፕሌስስ» ከዚህ ደንብ ጥቂት ይሸሻል፤ «ፕሌስስ ቱ ሊቭ» ብሎ መተው የተለመደ ነው። «ሃውዚስ» ላይ ግን «ቱ ሊቭ ኢን» ማለት ግድ ነው።

ከመማሪያ መጽሐፍሽ የጠቀስሽው «ሺ ቦት ጎትስ ቱ ፋተን ዜም» ስሕተት አይደለም፤ ግራ ያጋባሽም ትክክለኛ ነገር ነው። እዚያ «ቱ ፋተን» የፍየሎቹ ገላጭ ሳይሆን የግዢው ምክንያት ነው፤ «ልታደልባቸው ገዛች» እንደማለት። በ«ቱ» ፈንታ «ኢን ኦርደር ቱ» ብለሽ ሞክሪው፤ ትርጉሙ ሳይናጋ ከተቀበለሽ «ዜም» መቆየት ትችላለች። «አይ ሃቭ ቡክስ ኢን ኦርደር ቱ ሪድ» ግን እንዳሰብሽው አይሆንልሽም።

እንደ «ፕላንስ»፣ «አተምፕትስ» እና «ፕሮሚስስ» ያሉ ስሞችም አሉ። «ፕላንስ ቱ ቪዚት ዜም» ትክክል ነው። እዚህ የሚጎበኙት ሰዎች እንጂ ዕቅዶቹ ስላልሆኑ፣ ግሱ ተሳቢውን ይዞ ይሄዳል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው መለያ ይህ ነው፦ ሐሳቡን በአማርኛ ስታስቢው «የማነባቸው»፣ «የምረዳቸው» እያለ ከመጣልሽ ተውላጠ ስሙን ጣይው፤ «የመጎብኘት ዕቅድ»፣ «የማምለጥ ሙከራ» እያለ ከመጣልሽ ለግሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ተይለት። ከሰዋስው መጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ግን ክፍል ውስጥ ከብዙ ሕግ ይልቅ ሠርቶልኛል።

በዚያው መልእክትሽ «ሜኒ ዎርክስ ቱ ዱ» ብለሻል። «ዎርክ» በሥራነቱ አይቆጠርም፤ «ኤ ሎት ኦፍ ዎርክ ቱ ዱ» በዪ፣ ብዙ ቁጥሩ የግድ ካስፈለገሽ «ሜኒ ቲንግስ ቱ ዱ»።